የባሕሩ አውሬ ራስ የወደቀ ዕለት

ነጋዴው ሰውነት ሞቶ የተገኘው ሊሸጠው ባቆመው አውሬ ሥር ነው። አራት ጎልማሳ የሚያነሣው የድንጋይ ራስ ከነመንጋጋው ደረቱ ላይ ተጭኖ ነበር። ጥር 23 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ረፋድ አራት ሰዓት። እንጅባራ ለፈረስ በዓሉ ግልብጥ ብሎ ሜዳ ወጥቷል፤ ሲወድቅ የሰማ የለም።

ኢንስፔክተር ካሳነሽ ስትደርስ የሟች ወንድም ይሄነው ክላሹን እንዳነገተ አውሬው የቆመበት አዳራሽ በር ላይ ቆሟል።

«ገዳዩን ይዛችሁታል አሉ» አላት።

«የያዝነው አስማረን፣ ቀርከሃ ሠሪውን ነው። ገዳይነቱን ማን ነገረህ?»

«ማቆሚያውን የሠራ እሱ፤ ‹ይኼ ራስ አንድ ቀን ይበላሃል› ያለ እሱ። ምን ቀረ? ብትፈቱትም ጣቢያው በር ላይ አለሁ። እሱን ባጣ ልጁን። ለእኔ አንድ ነው።»

ካሳነሽ አልተከራከረችውም። ደሙ የፈላ ሰው ምክር አይገባውም፤ ማስረጃ ግን ይገባው ይሆናል ብላ ገባች።

አውሬው ከዓባይ ሸለቆ ተቆፍሮ የወጣ፣ ድንጋይ የሆነ አጥንት ነው። ይህ አገር ባሕር በነበረበት ዘመን ሲዋኝ የኖረ፣ እጅ እግሩ እንደ መቅዘፊያ፣ ጥርሱ እንደ ማረሻ። ሦስት ቀን ለሕዝብ ታይቶ ዛሬ በስድስት ሰዓት ጨረታ ሊወጣበት ነበር።

ራሱን የተሸከመው የቀርከሃ ወጋግራ ወድቋል፤ ግን አልተሰበረም። ከሥሩ ደግፎ ይዞት የነበረው ሽብልቅ ቦታው ላይ የለም። ካሳነሽ በዓይኗ ፈለገችው። መስኮቱ ሥር፣ በጠፍር፣ በጥሬ ቆዳ ማሰሪያ፣ ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ የጠፍሩ ሌላው ጫፍ የመስኮቱ ብረት ላይ ነው። ቋጠሮውን ልትፈታ ሞክራ ጥፍሯ ተሰበረ። ጠፍሩ ደርቆ እንጨት ሆኗል። ከሥሩ አቧራው ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ብሎ የደረቀበት ምልክት አለ። ከጠፍሩ ላይም ሁለት ነጭ ፀጉር አነሣች።

ጣቢያ ሄዳ አስማረን ጠየቀችው።

«ስንት ቦታ በጠፍር አሰርህ?»

«በጠፍር? እኔ?» አለ አስማረ፣ መታሰሩን ረስቶ እየተቆጣ። «ቀርከሃ በራሱ ልጥ ነው የሚታሰር፣ እቴ። ጠፍር ሲደርቅ አንቆ ይሰነጥቀዋል። አባቴ ቢያየኝ ከመቃብር ተነሥቶ በጥፊ ያጮለኝ ነበር።»

«‹ይበላሃል› ያልከውስ?»

«ብያለሁ፤ አልክድም። ከራሱ ሥር ወንበርህን አታድርግ አልኩት። ‹ሰው ከአውሬው ጋር እንዲያየኝ ነው› አለኝ።»

ከዚያ ሬሳውን ያገኘችውን ቲኬት ቆራጯን ወርቅአየሁን አስጠራቻት።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋና የሌሊት ጥበቃው ጋሽ አበረ ጋ። ጧት አንድ ሰዓት ላይ ለሰውነት ከፍቶለት ወደ ፈረሱ ሄደ።»

«ጨረታው ፈቃድ ነበረው?»

ወርቅአየሁ መሬት መሬት አየች። «ቅርስ አይሸጥም ብዬዋለሁ። ሰሚ አይደለም።»

«ሲቆፈርስ የተጎዳ ነበር?»

«አንድ ልጅ አፈር ተንዶበት ሞተ። ምህረቴ ይሉታል።»

«ምህረቴ ማን?»

«ሰውነት የሠራተኛን የአባት ስም መች ይጠይቃል?»

ካሳነሽ ሜዳ ወጣች። ፈረሱ ሁሉ እንደ ሙሽራ አጊጦ ይጋልባል። አበረ፣ ስድሳን ያለፈ ሽማግሌ፣ ነጭ ፈረስ ላይ ነው፤ የፈረሱ ልብስ ቀይ ጥልፍ፣ ልጓሙ የሚያብረቀርቅ። ኮርቻው ግን በቃጫ ገመድ ታስሯል።

«ጋሽ አበረ፣ ለዛሬ ቀን ገመድ?»

«ጠፍሩ አረጀ፣ ልጄ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

«ዓመት ሙሉ ለዛሬ ሲዘጋጁ ኖረው?»

አበረ የፈረሱን አንገት ዳበሰ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ይሄነው ክላሹን በር ላይ አስረክቦ ገባ። አስማረ ካቴና እንዳደረገ በሁለት ፖሊስ መሃል ቆመ።

«ወጋግራው አልተሰበረም» አለች ካሳነሽ። «የአስማረ ሥራ ደህና ነበር። የወደቀው ሽብልቁ ስለተነቀለ ነው፤ የነቀለው ደግሞ እጅ አይደለም።»

«ጋኔን ነው በይና» አለ ይሄነው።

«ፀሐይ ነች። ጠፍር ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ካደረ ይለጠጣል። እርጥቡን ወጥረህ ሽብልቅና መስኮት ላይ እሰረው። የጧት ፀሐይ በዚያ መስኮት ትገባለች። ሲደርቅ ያጥራል፤ ሲያጥር ይጎትታል። ገዳዩ በዚያን ሰዓት ሜዳ ላይ ፈረስ ሊጋልብ ይችላል። ሌሊቱን እዚህ ያደረ ማነው? ዛሬ ጠፍር የጎደለው የማን ኮርቻ ነው? የነጭ ፈረስ ፀጉርስ እዚህ ምን አመጣው?»

ዓይን ሁሉ ወደ አበረ ዞረ።

«ቁፋሮው ላይ የሞተው ምህረቴ፣ ሰውነት የአባቱን ስም ያልጠየቀው፣ የእርስዎ ልጅ ነው» አለችው።

«ነበር» አለ አበረ፣ ድምፁን ሳይለውጥ። «አፈሩ ሲናድ ልጄም የአውሬው አጥንትም ከሥር ነበሩ። ሰውነት ‹ዝናብ ሳያበላሸው› ብሎ መጀመሪያ አጥንቱን አስወጣ። ልጄን በሦስተኛው ቀን አወጡት። አብረውት የቆፈሩት ናቸው የነገሩኝ። ጥበቃ ልሁንልህ ብዬ ስመጣ ስሜን ጠየቀኝ፤ ማንን እንደወለድኩ ግን አልጠየቀኝም።»

«ጠፍሩ ግን አጋለጠዎት። ሌላ ጠፍር አጥተው ነው?»

«ገበያው ሞልቷል። ይኼ የልጄ ፈረስ ጠፍር ነው። በሱ እንዲሆን ፈለግሁ።»

«አስማረስ? እሱም ልጅ አለው።»

አበረ አስማረን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። «እሱን አላሰብኩትም።»

«ከረፋድ ጀምሮ ታስሯል። ሜዳው ላይ ወሬው ደርሶዎታል።»

«ደርሶኛል» አለ አበረ።

ይሄነው ወደ አበረ ተራመደ። ፖሊሶቹ ክንዱን ያዙት።

«ሌላ ልጅ አለህ?» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«አንድ ነበረኝ። ወንድምህን ጠይቀው።»

ካሳነሽ ካቴናውን ከአስማረ እጅ ፈትታ ለአበረ አጠለቀችለት። አስማረ የእጁን አንጓ እያሸ ማንንም ሳይሰናበት ወደ ልጁ ሄደ። ይሄነው አሁንም የሚገድለው እየፈለገ እዚያው ቆሞ ነበር።