ካሳሁን የመረጠው ሞተር

ሬሳውን ያገኙት ሯጮች ናቸው። ነሐሴ 10 ቀን 2008 ዓ.ም. ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሄመን የምትባል ሯጭ ከጓደኞቿ ቀድማ የሱሉልታን ዳገት ስትወጣ፣ ጎጃም መንገድ ላይ መንገድ ለመዝጋት ድንጋይ ከተደረደረበት ቦታ አጠገብ አንድ ትልቅ ጥቁር ሞተር ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኝቶ አየች። ጠጋ ስትል ከሥሩ የሰው እጅ ታያት።

ኢንስፔክተር ወርቅቱ ስትደርስ ነገሩ በአለቆቿ ዘንድ አልቆ ጠበቃት። ሟቹ ካሳሁን ይባላል፤ ቡራዩ ላይ በርና መስኮት የሚሠራ የብረታ ብረት ቤት አለው። «በጨለማ ሲነዳ ድንጋዩ ላይ ወጣ፣ ተገለበጠ፣ ሞተ» ተብሏል። ጥፋተኛውም ተገኝቷል፤ ከመንገዱ ዳር ያለው ማሳ ባለቤት ኦቦ ደቻሳ። ድንጋዩን ለተቃውሞ የደረደረው ቀበሌው በሙሉ ነው፤ ቀበሌ በሙሉ ግን አይታሰርም። ደቻሳ ቅርብ ነበሩና ተያዙ።

«እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ወረቀቱን ፈርመሽ ላኪልኝ» አላት ኮማንደሩ በስልክ። «ሽማግሌው ከሌሎቹ ታሳሪዎች ጋር ይጫናሉ።»

ወርቅቱ በዚያ ክረምት ተጭኖ የሄደ ሰው ቤተሰቡ ስንቅ ይዞ ከጣቢያ ጣቢያ ሲንከራተት በዓይኗ አይታለች። የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው እዚያ መኪና ላይ ከወጡ በኋላ ስህተት ነበር ቢባል ማን ይሰማል? ደግሞም ቶሎ ያለቀ ነገር አይጥማትም። ባሏ «አንቺ እኮ ጸበል ቢሰጡሽም መጀመሪያ ታሸቺዋለሽ» እያለ የሚቀልድባት ያለ ነገር አይደለም።

ቤቷ ሰበታ ነው፤ ከሄደች ሦስት ቀኗ። ዛሬም ጠዋት እህቷ ፌኔት ደውላ «እንዳትመጪ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ የከተማው መውጫ ሁሉ ተዘግቷል፤ ጎማ እየነደደ ነው። እንኳን መኪና ወፍም አያልፍ» ብላታለች።

ቦዩ ዳር ቁጢጥ አለች። የሟቹ ማጅራት ተፈንክቷል። ነጣ ያለ ሱሪ ለብሷል፤ ከጉልበቱ በታች ያለው የሱሪው ፊት ግን ንጹሕ ነው።

«ዲኖ፣ ዝናቡ መቼ ነው ያባራው?» ስትል አብሯት ያለውን ኮንስታብል ጠየቀችው።

«ሲነጋጋ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሯል።»

ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብላ አሸተተች። እንዲህ በጎኑ ከወደቀ ሞተር ቤንዚን መሽተት ነበረበት። አይሸትም። በእጅ ባትሪዋ ከቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ከሰልባትዮው ሥር ስታበራ የቤንዚኑ መዝጊያ ተዘግቷል።

«ይህን የነካ ሰው አለ?»

«ማንም አልነካም፤ እርስዎን ነው የጠበቅነው።»

የሞተሩ ቁልፍ በቦታው ተሰክቷል። ከሟቹ ኪስ ደግሞ ሌላ የሞተር ቁልፍ ወጣ፤ ሞከረችው፣ አልገጠመም። ሁለቱንም በወረቀት ጠቅልላ ያዘቻቸው።

ኦቦ ደቻሳን ጣቢያው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ አገኘቻቸው።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ደቻሳ?» ስትል እንዴት እንዳደሩ በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው።

«ናጋ፣ ሰላም ነኝ ልበልሽ እንዴ፣ ኢንተላ ኮ? ልጄ ሞቶ፣ ገዳዩ አንተ ነህ ተብዬ?»

«ልጄ ይሉታል?»

«ባይወለደኝም።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ቀርቷል ቢባልም መሬት ነጋዴው አልቀረም። እኔ ያልሸጥኩትን መሬት ሸጧል የሚል ወረቀት መጣብኝ፤ ምስክር ሆኖ የፈረመው ካሳሁን ነው። እሑድ ለት እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ‹ሳላነብ ነው የፈረምኩት፤ ማክሰኞ ጠዋት ሽማግሌዎች ፊት ቀርቤ ያታለለኝን ሰው በስሙ እናገራለሁ› አለኝ።»

«ማን እንደሆነ ነገረዎት?»

«አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁት፤ ንስሐ የገባን ሰው አያጣድፉም።»

«እሑድ በምን ነበር የመጣው?»

«በዚያ በጥቁሩ! ጉማሬ በይው። ድንጋዩን እሻገራለሁ ሲል ሆዱ ተቀረቀረ፤ አራት ሆነን ነው ያነሳንለት። እየሳቀ ‹ኦቦ፣ በዚህ ሁለተኛ አልመጣም› ብሎ ሄደ።» ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ። ወርቅቱም እንባቸውን እንዳላየች ሆና ወጣች።

ቡራዩ ስትደርስ ከሟቹ ቤት በር ላይ ድንኳን ተተክሏል። ከቤቱ ጋር በተያያዘው የብረታ ብረት ግቢ ውስጥ ሌላ ሞተር ቆሟል፤ ሰማያዊ፣ ፊቱ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ በግራና በቀኝ ሣጥን ያለው። አጠገቡ ሸምሰዲን የሞተር ደላላው ጥፍሩን እየነከሰ ተቀምጧል። ሁለቱንም ሞተሮች ያመጣው እሱ ነው። ጥፍሩን የሚነክስ ሰው ወርቅቱን ደስ አይላትም።

«ለምን ሁለት?»

«እንዲመርጥ ነዋ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር መኪና አያዋጣም፣ ሱሉልታም ሰበታም የምደርስበት ትልቅ ሞተር አምጣልኝ አለኝ። ይሄ ሰማያዊው ስፖርትም ነው፣ ረጅም መንገድም ይሄዳል። ያ ጥቁሩ ክሩዘር ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ! ሰው ሚስት ሲያገባ እንኳ እንዲህ አያመነታም።»

«ለእኔ ለማታውቀው አስረዳኝ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

ደላላነቱ ሐዘኑን አስረሳው። «ክሩዘሩ ላይ እንደ ሶፋ ነው የምትቀመጪው... ይቅርታ፣ የሚቀመጡት። ወንበሩ ዝቅ፣ እግር ወደ ፊት ዝርግት። አስፋልት ላይ ንጉሥ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ ሆዱም መሬት ይልሳል። በዝናብ ከሄዱበት የፊቱ ጎማ ጭቃውን ቅልጥምዎ ላይ ነው የሚለቀው። ይሄኛው ከፍ ያለ ነው፤ ትንሽ ጎንበስ ይላሉ፣ እግርዎ ወደ ኋላ ሰብሰብ ይላል፣ ንፋሱንም ጭቃውንም ፕላስቲኩ ይመክትልዎታል።»

«የቤንዚን መዝጊያስ?»

«የክሩዘሩ በእጅ ነው። ሲነዱት ይከፈታል፤ ረስተው ቢነዱ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዶ ይጠፋል። መኪና ላይ ሲጫን ደግሞ የግድ ይዘጋል፤ አለዚያ መንገድ ላይ እየተናጠ ቤንዚኑ ያጥለቀልቀዋል። ሰማያዊው መዝጊያም የለው።»

«ታዲያ የቱን መረጠ?»

«ሰማያዊውን። ትናንት ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደውሎ ‹ወስኛለሁ፤ ጥቁሩን ነገ መጥተህ ውሰድ› አለኝ። ልወስደው ስመጣ ነው መርዶ የጠበቀኝ።» «እሱ ግን በጥቁሩ ሞተ አሉኝ። እንዴት ነው ነገሩ?»

ወርቅቱ ከሟቹ ኪስ የወጣውን ቁልፍ ሰማያዊው ላይ ሰካችው። መብራቱ ቦግ አለ።

የሺወርቅ፣ የሟቹ ሚስት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጓዳ ውስጥ ተቀምጣለች። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ኪዳን ለማድረስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር፤ ፍልሰታን አታስታጉልም፣ መላው ሰፈር አይቷታል።

«ስወጣ ጫማውን እያሰረ ነበር» አለች። «አኩርፌው ነው የወጣሁት። እኔ ጥቁሩን ነበር የወደድኩለት፤ የኋላ ወንበሩ መደገፊያ አለው፣ ዝቅም ይላል። እሱ ትናንት ማታ ሰማያዊውን መረጥኩ ሲለኝ ‹እንግዲህ እኔን ላትጭን ነው› አልኩት። በዚህ አኩርፌ ደህና ዋል እንኳ ሳልለው...» ቀጥሎ ያለው በለቅሶ ተዋጠ። ወርቅቱ እስኪወጣላት ጠበቀቻት።

«ወይዘሮ የሺወርቅ፣ ሱሉልታ ሄዶ ስለማን ሊናገር ነበር?»

ሴትዮዋ ወደ በሩ አየች። «በዚህ ቀን የሰው ስም ማንሳት ኃጢአት ነው። ግን ‹ፍቅሬ ይቀየመኛል፣ ይሁን› ብሎኛል።»

ፍቅሬ የሚባለው ፍቅረሥላሴ ነው፤ የካሳሁን ሸሪክ። ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ድምፁ ዘግቷል። ከሐዘንተኞቹ ሁሉ ይበልጥ ያዘነ ይመስላል። ወርቅቱን የጎረበጣትም ይኸው ነው።

«አቶ ፍቅረሥላሴ፣ ሌሊቱን የት አደሩ?»

«ሰበታ። የፋብሪካ በር ልገጥም ቅዳሜ ነው የሄድኩት። ዛሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲደወልልኝ ከነኢሱዙዬ ከነፍኩ።» ግቢው ውስጥ የቆመችውን ሸራ የለበሰች ኢሱዙ በአገጩ አሳያት።

«መንገዱስ እንዴት ነበር?»

«ለክፉ አይሰጥም። እግዚአብሔር ረዳኝ።»

«ሞተር ሲመርጥ አማክሮዎታል?»

«ቅዳሜ ዕለት ጥቁሩ ላይ ወጥቶ ‹በቃ፣ የእኔ ይሄ ነው› ሲል እዚሁ ነበርኩ። ምነው ባልመረጠው! እኔ እንኳ ከሞተር ጋር አንተዋወቅም፤ ነክቼም አላውቅ። ያንን ሽማግሌ ግን እግዜር ይይለት።»

«ይይላቸው እንጂ» አለች ወርቅቱ። «የሠራውንም እግዜር ይይለት።»

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሸምሰዲንን፣ የሺወርቅንና ፍቅረሥላሴን ብረታ ብረት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዲኖ ጥቁሩን ሞተር በፖሊስ ፒክአፕ አምጥቶ አውርዶታል። ከማውረዱ በፊት ሹክ ያለችውን አድርጓል።

«ሐዘናችሁን ስለረበሽኩ ይቅርታ» አለች። «ይህ ሞተር ለኤግዚቢትነት ወደ ጣቢያ ይሄዳል። ፒክአፑ ለሌላ ሥራ ስለተፈለገ በእርስዎ ኢሱዙ እንጫነው፣ አቶ ፍቅረሥላሴ። ዲኖ፣ ሳንቃውን አጋድም። እርስዎ መሪውን ይያዙልኝ።»

ፍቅረሥላሴ ወደ ድንኳኑ ለመመለስ ቸኩሏል። መሪውን በቀኝ እጁ ያዘ። ግራ እጁ ማንም ሳያዘው ወደ ሰልባትዮው ሥር ገባ፣ መዝጊያውን ዳብሶ አገኘ፣ ቀጭ አድርጎ ዘጋ።

ሸምሰዲን ጥፍሩን መንከስ አቆመ።

«መዝጊያውን እኔ ነኝ ያስከፈትኩት» አለች ወርቅቱ። «ጠዋት ቦይ ውስጥ ሳገኘው እንዲሁ ተዘግቶ ነበር። ሞተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ይህን ከየት ተማረው?»

«አ... አንዳንዴ ሰው ሲጭን አይቻለሁ።»

«ይሁን። እኔ ያየሁትን ደግሞ ልንገራችሁ። ካሳሁን ከቡራዩ ሱሉልታ ድረስ በዝናብ በዚህ ሞተር ሄደ ተባለ። እግሩ ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ ያን ሁሉ ጭቃ አልፎ፣ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ንጹሕ ነበር። መዝጊያው የተዘጋ ሞተር ደግሞ ሦስት ኪሎ ሜትር አይዘልቅም። ስለዚህ ሞተሩ አልተነዳም፤ ተጭኖ ነው የሄደው። የጫነው ሰውም ሲጭን በልማዱ ዘግቶ፣ ሲጥለው መክፈት ረሳ።»

«ሸምሰዲንም እኮ ያውቃል መዝጊያውን!» አለ ፍቅረሥላሴ።

«አሳምሮ ያውቃል። እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነው። ግን ሸምሰዲን ቢሆን ካሳሁንን ሰማያዊው ሥር ነበር የሚያስተኛው። ትናንት ማታ ካሳሁን ሐሳቡን እንደለወጠ ያውቃላ። ወይዘሮ የሺወርቅም ታውቃለች። የሰማያዊው ቁልፍ ሟቹ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ሊነሳ የተዘጋጀው በእሱ ነው። ካሳሁን ጥቁሩን እንደመረጠ የሚያምን ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ሰምቶ ሰበታ የወረደው። እሱም ጥቁሩን ጫነ፣ ቁልፉንም ከተሰቀለበት አውርዶ ሰካ።»

«እኔ ሰበታ ነው ያደርኩት! ምስክር አለኝ!»

«አምሽተው ይሆናል። ከሰበታ ግን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በኋላ መኪና አልወጣም። እህቴ እዚያ ናት፤ እኔ እንኳ ቤቴ መግባት አልቻልኩም። እርስዎ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኢሱዙ ይዘው በየት በኩል ወጡ? መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ወጥተው ነበር። መዘጋቱንም አላወቁም፤ ቢያውቁ ‹ለክፉ አይሰጥም› አይሉኝም ነበር። ወይዘሮ የሺወርቅ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቀው ገቡ። የግቢው ቁልፍ አለዎት፣ ከባድ ብረት ማንሻ ሰንሰለትም እዚሁ አለ፤ አንድ ሰው ሦስት መቶ ኪሎ ያነሳበታል። የሐሰቱን ወረቀት ምስክር ዝም አሰኙት፤ ደሙን ደግሞ ወረቀቱን በሚቃወመው ሽማግሌ ላይ አፈሰሱት። ደቻሳ ቢጫኑ መሬቱን ማን ይጠይቃል?»

ፍቅረሥላሴ ግራ እጁን አይቶ ኪሱ ከተተው። «እሑድ ማታ ደውሎ ‹ማክሰኞ እናገራለሁ› ሲለኝ መጣሁና ለመንኩት» አለ በመጨረሻ። «አትናገር፣ መሬት ነጋዴዎቹ ያጠፉናል ብዬ ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ።»

የሺወርቅ አልጮኸችም። «ጠዋት ከእኔ ጋር ደረት ስትመታ ነበር» ብቻ አለችው። ዲኖ ካቴናውን አወጣ።

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ወርቅቱ ደወለች። «ኮማንደር፣ ወረቀቱ ላይ ስም ይቀየራል። ገዳዩ አምኗል።»

«ድንጋዩስ?» አለ ኮማንደሩ።

«ድንጋይ ሰው አልገደለም። ኦቦ ደቻሳን ከመኪናው ያስወርዱልኝ፤ ከሄዱ በኋላ ይቅርታ መጻፍ አልችልበትም።»

«ይውረዱ» አለ ኮማንደሩ፤ ሰላምታ ሳይሰጥ ዘጋው።

በማግሥቱ፣ ከቀብር መልስ፣ ኦቦ ደቻሳ ድንኳኑ በር ላይ ቆሙ። ወርቅቱ ከሩቅ ታያለች። ትናንት ሙሉ ቀን «ገዳዩ ገበሬ» እያለ ሲያማቸው የዋለ ለቀስተኛ ሁሉ አቀረቀረ። የሚቀመጡበት የሚለቅላቸው ጠፋ። እሳቸውም ይግቡ ይመለሱ ግራ ገባቸው።

የሺወርቅ ተነስታ በሰው መሃል አልፋ መጣች፤ እጃቸውን ይዛ ከእሷ ቀጥሎ፣ የሟቹ አባት በሕይወት ቢኖሩ በሚቀመጡበት ቦታ አስቀመጠቻቸው።

«ኦቦ፣ የነገረኝን ሁሉ ይዣለሁ» አለቻቸው። «ከሰልስቱ በኋላ ሽማግሌዎቹን ይሰብስቡልኝ። እኔ እመሰክርልዎታለሁ።»

«መሬቱ ይቆይ፣ ልጄ» አሉ ደቻሳ። «አሁን ላልቅስለት።»

በኦሮምኛ ስሙን እየጠሩ አለቀሱ። ድንኳኑ ውስጥ ቋንቋውን የሚያውቅም የማያውቅም ተከተላቸው።