የቅዱስ ዮሴፍ ዕለት ስጦታ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም.፣ በመጋቢት ወር አጋማሽ፣ የቫህ ወንዝ የክረምቱን በረዶ ገና እየገፋ ይወርድ ነበር፤ በዳርቻው ባለችው በቶፖልና ከተማ ግን ወንዙን የሚያይ አልነበረም፤ የሰው ሁሉ ዓይን በቬንደሊን ሩማን የእንጨት ሥራ ቤት ላይ ነበር። የአናጺዎች ማኅበር ለሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት የስም ቀን የሚላከውን ስጦታ እንዲሠራ እርሱን መርጦታል። ፕሬዚዳንቱ ካህን ናቸው፤ ከደብር አገልግሎት ተነሥተው ፓርላማ የገቡ፣ በፕራግ ሚኒስትርነት የተሾሙ፣ የፓርቲያቸው አሮጌ መሪ ሲሞቱ ቦታቸውን የወረሱ፣ በመጨረሻም በጀርመኖች ጥላ ሥር የስሎቫኪያ ርእሰ ብሔር የሆኑ ሰው ናቸው። ስማቸው ዮሴፍ በመሆኑ የስማቸው በዓል የሚውለው በቅዱስ ዮሴፍ ዕለት ነው፤ ቅዱስ ዮሴፍ ደግሞ የአናጺዎች ጠባቂ ስለሆነ ቶፖልና ነገሩን እንደ ሥጋ ዝምድና ቆጥራዋለች። ቬንደሊንም ከዋልነት እንጨት የጸሎት መንበርከኪያ ጠርቦ፣ በግንባሩ ላይ የአገሪቱን አርማ ድርብ መስቀል ቀርጾ፣ ማለስለሱን ተያይዞታል።

የሥራ ቤቱን ግድግዳ የሚጋራው የሰዓት ጠጋኙ የዚግሙንድ አድለር ቤት ነበር። ሁለቱ ጎልማሶች ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚያ ግድግዳ ግራና ቀኝ ኖረዋል፤ የአንዱ መላጊያ ሲጮኽ የሌላው ሰዓት ሲደውል አብረው ጎልምሰዋል። አሁን ግን አድለር አይሁዳዊ በመሆኑ ሕጉ ሱቁን ነጥቆ ለሌላ ሰጥቶበታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አይሁዳዊነቱን እንዲያሳይ በደረቱ ላይ እንዲለጥፍ የተገደደውን ቢጫ ኮከብ በሻርፑ ሸፍኖ፣ በጓሮ በኩል ገባ።

«የሚንበረከኩበትን እየሠራህላቸው ነው አሉ» አለ አድለር። «የጉልበት ማረፊያውን ጥጥ አብዛው፤ የሚናዘዙት ብዙ ነው።»

«ይሄ ቀልድህ አንድ ቀን መዘዝ ያመጣብሃል፣ ጎረቤት።»

«መዘዙማ ሳልቀልድም መጥቷል።» አድለር በፍቅፋቂው ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ቬንደል። እኛን አይሁዶችን በባቡር ሊያግዙን ነው፤ መጀመሪያ ልጃገረዶቹን ይወስዳሉ ይባላል። የሚስቴ ወንድም ወደ ሃንጋሪ የሚያሻግር ሰው አግኝቷል፤ ልጄ ኢሎና ትሄዳለች። እኛንም ኑ ይለናል፤ ግን ሚስቴን ሬጊናን ታውቃታለህ፣ እግሯ ገበያ እንኳ አያደርሳትም። ፕሬዚዳንቱ ከሕጉ ነጻ የማድረግ ሥልጣን አላቸው። በስም ቀኑ የለመነውን ሰው ማን ባዶ እጁን ይሰዳል? አንዲት ቃል በልልኝ። እምቢ ካሉም ቁርጡን ልወቅ፤ ሬጊናን በጀርባዬም ቢሆን አዝዬ እሻገራለሁ።»

«እላለሁ።»

«ፈርተህ እንዳትቀር።»

«ኧረ ተወኝ! እላለሁ አልኩህ እኮ።»

እውነትም ሊል አስቦ ነበር፤ ብራቲስላቫ እስኪደርስ ድረስ በባቡሩ ውስጥ ቃሉን ሲያመላልስ ሄደ። በቤተ መንግሥቱ ስጦታ የሚቀበሉት ፕሬዚዳንቱ ሳይሆኑ አንድ መነጽር ያደረጉ ጸሐፊ ነበሩ። ከቬንደሊን ፊት የነበረ አንድ የገጠር ሽማግሌ፣ አይብ በቅርጫት ይዞ የመጣ፣ ስለ መንደሩ አይሁዳዊ ሐኪም ሲለምን ቬንደሊን አዳመጠ። ጸሐፊው አልተቆጡም፤ ፈገግ ብለው ብዕራቸውን አነሡና «መልካም፤ የእርስዎስ ስም ማን ነው? ከሰውዬው ጋር ምን ያገናኛችኋል?» አሉ። ሽማግሌው ስሙን ተናገረ፤ ጸሐፊውም ጻፉት።

ከዚያ የቬንደሊን ተራ ደረሰ። ጸሐፊው መንበርከኪያውን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ክቡር ፕሬዚዳንቱ ደስ ይላቸዋል። ለመሆኑ የምትለምነው ነገር አለህ?» ብለው ጠየቁት።

ብዕሩ ገና በእጃቸው ነበር። ቬንደሊን አፉን ከፈተ፤ የወጣው ቃል ግን ሲያመላልሰው የመጣው አልነበረም። «የከተማችን አዲስ ትምህርት ቤት... አግዳሚ ወንበሮቹን እኔ ብሠራቸው ብዬ ነው፣ ክቡር ጸሐፊ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ሲመለስ አድለር በጓሮው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

«እህ፣ ጳጳስ አድርገው ሾሙህ?» አለና ሳቁን ሳይጨርስ፣ «አልክልኝ?» ሲል ጠየቀው።

«አልኩ።»

«ምን አሉ?»

«ይታያል አሉ። መልሱ ይመጣል።»

አድለር የቬንደሊንን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ቬንደሊንን ያን ጊዜ በውስጡ የተሰማው እፍረት እንደ ትኩሳት አቃጠለው፤ ሆኖም እጁን አላስለቀቀም። ቤት ሲገባ ሚስቱ ዩስቲና ፊቱን አየችና ሾርባውን ማውጣት ተወች።

«አልጠየቅህለትም።»

«ነገ እነግረዋለሁ።»

«አሁን ሂድ። ሰዎቹ መንገዳቸውን ይወስኑበታል እኮ።»

«ነገ አልኩሽ።»

በማግሥቱ ኢሎና ከአጎቷ ጋር ስትወጣ፣ አድለር በአጥሩ ማዶ «መልሱ ሳይመጣ የታመመች ሴት ይዤ ተራራ ለተራራ ምን አንከራተተኝ?» ሲል ቬንደሊን በጆሮው ሰማ። መላጊያውን አንሥቶ መላግ ጀመረ። የወንበሮቹ ሥራ በሚያዝያ ተፈቀደለት፤ ለአድለር ግን ምንም አልመጣም፤ ሊመጣም አይችልም ነበር። በሰኔ ወር ጸጥታ አስከባሪዎች ባልና ሚስቱን ወደ ባቡር ጣቢያ ሲነዷቸው፣ አድለር ሬጊናን ደግፎ በሥራ ቤቱ ደጃፍ ሲያልፍ አንገቱን መለስ አድርጎ «ቬንደል፣ መልሱ ከመጣ በኋላችን ላክልን» አለ። ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም።

ጦርነቱ አለቀ፤ ፕሬዚዳንቱም በሽሽት ላይ ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ። በቶፖልናም የሕዝብ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰየመ፤ ቬንደሊን የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ አባል በመሆኑና ከመንግሥት ሥራ በመጠቀሙ ተከሰሰ። ሕዝቡ የተቀመጠው እርሱ በሠራቸው አግዳሚዎች ላይ ነበር። ከሃንጋሪ በሕይወት የተመለሰችው ኢሎና ማንም ሳይጠራት ተነሥታ ቆመች።

«ጋሼ ቬንደልን ልቀቁት» አለች። «በዚያን ጊዜ በዚህች ከተማ ለእኛ አፉን የከፈተ እሱ ብቻ ነው። ቤተ መንግሥት ድረስ ሄዶ ለምኖልናል። አባቴ በላከልኝ በመጨረሻው መልእክት እንኳ የሚያወራው ስለሱ ደግነት ነበር።»

ዳኛው ወደ ተከሳሹ ዞሩ። «እውነት ነው?»

ከኋላ የተቀመጠችው ዩስቲና ቀና ብላ አየችው። «አይደለም» የምትል አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው፤ ያችንም ቢናገር የሚከፍለው እርሱ ራሱ ብቻ ነበር። ቬንደሊን የኢሎናን ፊት አየ፤ የአባቷ ዓይን ነው ያላት።

«እውነት ነው» አለ።

በነጻ አሰናበቱት። ኢሎና አቅፋ ሳመችው፤ ዩስቲና ግን ሳትጠብቀው ወጥታ ሄደች። በ1947 የጸደይ ወራት ፕሬዚዳንቱ በስቅላት ተቀጡ፤ በቶፖልና ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ሴቶች አልቅሰው ጸለዩ፤ ሌሎች ይገባቸዋል አሉ፤ ቬንደሊን ሁለቱንም ሰምቶ መላጊያውን ሲስል ዋለ።

ስለዚያ ካህን ከደብር እስከ ቤተ መንግሥት መውጣትና ስለ አወራረዳቸው ብዙ ተጽፏል፤ ሰው እስከ ዛሬም ይከራከርበታል። ስለ እንጨት ሠሪው ግን ክርክር የለም። ከዓመታት በኋላ ሲሞት የከተማው ሊቀ መንበር በመቃብሩ ራስ ላይ ቆመው፣ ሁሉ ዝም ባለበት ዘመን የተናገረው ሰው ይህ ነው ብለው አመሰገኑት፤ ከሩቅ አገር ኢሎና የላከችው የአበባ ጉንጉንም በሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ቶፖልና የምታስታውሰው ይህንን ነው።

አንዲት ጎረቤት የዩስቲናን ክንድ ይዛ «ታድለሽ፣ እንዲህ ያለ ባል ነበረሽ» አለቻት። ዩስቲና ክንዷን አስለቅቃ፣ አካፋ ይዘው ወደቆሙት ሰዎች ዞራ «በሉ፣ አፈሩን መልሱበት» አለቻቸው።