ያልተረገጠው ትራስ

በቤዝቦል ጨዋታው መጨረሻ ኤንደር ሜዳውን ዞሮ በደረቱ ተንሸራቶ መነሻውን ሲነካ አቧራው የዳኛዋን የያኒሪስን ጭምብል ሞላው። የማሸነፊያዋ ነጥብ ነበረች። የሰፈሩ ልጆች እየጮኹ ሜዳውን አጥለቀለቁት።

የአሥራ አምስት ዓመቷ ዳኛ ግን ያየችውን አይታለች። ወንድሟ ኤንደር ሦስተኛውን ማዕዘን ሲዞር፣ ሯጭ ሁሉ መርገጥ ያለበትን እዚያ የተቀመጠውን ትራስ አልረገጠም፤ እግሩ በስንዝር ስቶት አልፏል።

አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። በቤዝቦል ደንብ ዳኛ እንዲህ ያለውን ስህተት ቢያይም አይናገርም። ተከላካዮቹ ራሳቸው፣ ከሜዳው ሳይወጡ፣ ኳሱን ይዘው ትራሱን ረግጠው መክሰስ አለባቸው። ካልከሰሱ ነጥቡ ይጸናል። ዳኛ ጠበቃ አይደለም።

«ወንድሟ ነው እኮ!» አለ የተሸናፊዎቹ አሠልጣኝ ዶን ቺቾ፣ ባርኔጣውን መሬት ላይ ወርውሮ። «ፍርዱ እቤታቸው በስሎ ነው የመጣው!»

ያኒሪስ ፊቷ ጋለ። ስለ ትራሱ አንድ ቃል ብትተነፍስ ሰውየው በአደባባይ ያፍር ነበር። ግን ያ ለራሷ ስም ብላ ደንብ መጣስ ነው።

ከተሸናፊዎቹ ሦስተኛውን ማዕዘን የሚጠብቀው ኦልቢን ጓንቱን በብብቱ ይዞ መጣ። ከቡድኑ ሁሉ ትንሹ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ዳኛ፣ ኤንደር ትራሱን ረግጧል?»

ጥያቄ ክስ አይደለም። ያኒሪስ ግን ከመነሻው ንቅንቅ አላለችም፤ ሜዳውን እስካልለቀቁ ድረስ አሁንም መክሰስ ይችላሉ። ኳሱ ከልጁ እግር አጠገብ ወድቋል። አንሳው፣ አለች በልቧ። አንሳው እንጂ!

«ና ልጄ፣ ከእሷ ምን ትጠብቃለህ?» ዶን ቺቾ ልጁን ትከሻውን ይዞ ወሰደው። የቡድኑ የመጨረሻ ሰዎች መስመሩን ተሻግረው ከሜዳው ወጡ። የመክሰሻው ጊዜ አለቀ።

ኤንደር በላብ የራሰ ክንዱን አንገቷ ላይ ጣለ። «አይተሻል፣ አይደል?» አላት በጆሮዋ።

«አይቻለሁ።»

«እና ዝም አልሽ! ነፍስ ነሽ እኮ!»

«ላንተ ብዬ አይደለም።»

«ለማንም ይሁን። ብቻ አሁን እንዳታወሪው። ለቅዳሜው ፍጻሜ ሌላ ዳኛ ያመጡብሻል።»

እውነቱን ነው። ብትናገር አንዱ ወገን ሌባ፣ ሌላው ከዳተኛ ይላታል፤ ደንቡን ገልጦ የሚያነብ አንድ ሰው አይገኝም። ሰው ደንብ የሚወደው ሲፈርድለት ብቻ ነው።

ጭምብሏን አወለቀች። ኳሱን አንሥታ ኦልቢን ጫማውን ወደሚፈታበት አግዳሚ ሄደች።

«ወንድሜ አልረገጠም» አለችው።

ዶን ቺቾ ተፈናጥሮ ተነሣ። «ምን አልሽ? ምን አልሽ አንቺ?!»

ኤንደርም ከሩቅ ስሟን ይጠራል። ልጁን ወደ ሦስተኛው ማዕዘን ወሰደችና ኳሱን ጓንቱ ውስጥ አስቀመጠችለት።

«ትራሱን ርገጠው። አሁን ኳሱን አሳየኝና ‹ይህን ዘሎታል› በል። የዛሬው አልፏል፤ ሁለተኛ ግን አትጠይቀኝ፤ ክሰስ።»

ኦልቢን አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ይህን... ዘሎታል።»

«አልሰማሁም» አለች ያኒሪስ።