ከእንግዳ ቤቱ ደጃፍ የቆመው ፓምፕ

በታር በረሃ፣ በአንድ መንደር፣ ውሃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው። ስለ ውሃ መወሰን ግን የወንድ ነበር። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ራቤልም አዲሱን የእጅ ፓምፕ ወንዶች ውለው በሚያመሹበት የእንግዳ ቤት ደጃፍ አስተከለው። ሴት በባዕድ ወንዶች ፊት ማለፏ ደግሞ በመንደሩ ነውር ነው።

ሚስቱ ዘይቡ ገና ቁፋሮው ሲጀመር ጠይቃው ነበር።

«የጃዳል አባት፣ እኛ በየት በኩል አልፈን ልንቀዳ ነው?»

«ወንዶቹ ያመጡላችኋል።»

«የትኛው ወንድ? እስቲ አንተ እንስራ ስትሸከም ልይህ!»

ራቤል ከት ብሎ ሳቀ። «ሴት ኮሚቴ ከገባችማ እኛ ቂጣ ልንጋግር ነው!»

ፓምፑ ተተከለ። እንስራ መሸከም ግን ወንዶቹን ሁሉ አሳፈራቸው። ሴቶቹ እንደ ድሮው አህያቸውን እየነዱ ወደ ሩቁ ጨዋማ ጉድጓድ ተመላለሱ። ለመውለድ የተቃረበችው የልጃቸው የጃዳል ሚስት ሳኪናም አብራቸው ትሄድ ነበር።

በግንቦት ሐሩር የጉድጓዱን ገመድ ስትጎትት ወደቀች። በአህያ ጭነው ሲያመጧት ደሟ አሸዋው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ።

«ውሃ…» አለች ሳኪና በደከመ ድምፅ።

ቤት ያለው ጨዋማው ብቻ ነበር። ራቤል እንስራ አንሥቶ ወደ ፓምፑ ሮጠ።

«አጎቴ ራቤል፣ ዛሬ ደግሞ ምራት ሆነህ መጣህ?» አለው አንዱ፣ የገመድ አልጋ ላይ እንደተጋደመ።

«የልጅ ልጄ ሞቷል።»

ራቤል ሞልቶ ተመለሰ፤ እንስራው ትከሻውን ሳያደክመው ቤቱ ደረሰ። ያንገበገበው ይህ ቅርበት ነው።

ከቀብሩ በኋላ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ራቤል ሴቶቹን አስጠራ። «ሳንጠይቃችሁ ተከልነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አሁን እናንተ ተናገሩ።»

«ምን ይናገራሉ? ቆፋሪዎቹ ሄደዋል፤ ፓምፑ አይነቀልም» አለ አንድ ሽማግሌ።

«እንግዲያው እናንተ ተነቀሉ!» አለች ዘይቡ ፊቷን እንደሸፈነች። «አልጋችሁን ይዛችሁ ወደ መንደሩ ዳር ሂዱ።»

ማንም አልሳቀም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዶቹ አልጋዎቻቸውን ተሸክመው ለቀቁ። የፓምፑ መጠገኛ መፍቻ ለዘይቡ ተሰጠ፤ ከዚያ ወዲያም ኮሚቴው ያለ ሴቶቹ ቃል አልወሰነም።

በዚያ ምሽት ዘይቡ ባዶውን ደጃፍ አየችው።

«የሚያስፈልገው አልጋ ማንሣት ብቻ ነበር እንዴ?» አለችው ባሏን።

ራቤል እንስራውን አንሥቶ ወደ ፓምፑ ሄደ።