በስምንት ሰዓት የሚጫወተው

ዛር ያዘው፣ ቡዳ በላው ሲሉ በሳቅ የምፈርስ እኔ ነኝ፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ እናቴ «ይኼን አፍህን ሰብስበው» እያለች ስትለምነኝ ነው ያደግሁት፣ ኮሌጅ ከገባሁ ወዲያማ ጭራሽ ባሰብኝ፣ የሰው አጽም በእጄ ይዤ አጥንቱን አንድ ባንድ በስሙ እየጠራሁ ደግሞ ምን ጋኔን ያስፈራኛል? ስለዚህ አሁን የማወራህን ስትሰማ ሰክሮ ነው እንዳትል፣ ከጠጅ ቤት ደጅ አልጠፋም እንጂ ጠጅ አልወድም። ጨለማ አታሎት ነው እንዳትልም፣ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከምሳ በኋላ፣ ውሻው ሁሉ ጥላ ፈልጎ የተኛበት ሰዓት።

ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው በየአገሩ ተማሪ ቤት ይከፈት የሚባልበት ጊዜ ነው፣ እኔም ጎንደር ላይ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ልማር ገባሁ፣ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ያለው ማሲንቆ ላይ ነው። አስተማሪዬ አያ ጌጡ ናቸው፣ አራዳ ጠጅ ቤት የሚጫወቱ ሽማግሌ፣ ማታ ማታ ይዘፍናሉ፣ ጧት ይተኛሉ፣ ሰው የሚያስተምሩት ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ጠጅ ቤቱ ሰው እስኪሞላ ነው። ያ ሰዓት የኔ ነበር! በሁለተኛው ዓመት ኮሌጁ ፕሮግራም ቀየረ አሉና የፈረንጁን ትምህርት አምጥተው ስምንት ሰዓት ላይ ደነቀሩት።

ቢሮ ሄድኩ፣ ክራቫቱ አንገቱን የያዘው ጸሐፊ ቀና ብሎም አላየኝ።

«ሰዓቱ ይቀየርልኝ» አልኩት።

«ምነው?»

«ማሲንቆ እማራለሁ።»

ይኼኔ ቀና አለ፣ ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ ከዚያ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ስማ እንጂ፣ መንግሥት ሐኪም ይሁን ብሎ የሚቀልበው አዝማሪ ልሁን አለ» ብሎ ሳቀ። «መርፌውን በዘፈን ልትወጋ ነው?» አለኝ ጓደኛው ደግሞ። እኔም «ካንተ ድምፅ የመርፌው ይሻላል» ብዬው ወጣሁ፣ ምን ዋጋ አለው፣ ሰዓቱ እንደሆነ አልተቀየረም።

የኔን ሰዓት ማን ወሰደው? አጣናው! ከመካነ ብርሃን የመጣ፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ የሚተክል፣ ፊደል ያልቆጠረ አጣናው፣ እኔ ከፈረንጁ ፊት ቁጭ ብዬ የማይገባኝን ስጽፍ እሱ የኔ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የኔን መምህር እጅ ያያል፣ አስበው እስኪ። አያ ጌጡ ደግሞ ከፋሲካ ወዲያ ደባርቅ የአንድ ትልቅ ሰው ሠርግ አለባቸው፣ አጃቢ አንድ ሰው ይዘው ይሄዳሉ፣ ከሳቸው ጋር ደባርቅ ሠርግ ላይ የታየ ልጅ ከዚያ ወዲያ ስሙ ወጣ ማለት ነው፣ ሁለታችንም የምንሞትላት ያች ቦታ ነበረች።

እኔም በሌላ ሰዓት ልለማመድ አልኩ፣ ጎህ ሲቀድ ማሲንቆዬን አነሳሁ፣ አከራዬ እትዬ ውብነሽ ኪዳን ልታደርስ ስትወጣ ሰማችና «ክርስቲያን ጸሎት በሚያደርስበት ሰዓት ዘፈን? በል ነገ ዕቃህን ትሸከማታለህ» አለችኝ። ማታ ልሞክር ብል ኮሌጁ ጥናት አለ ብሎ ይሰበስበናል። እሑድ ከአያ ጌጡ ዘንድ ሄጄ ብጫወት ገና ሳልጨርስ እጃቸውን አነሱ፣ «ተወው ልጄ፣ እጅህ ዝጓል» አሉ። አጣናው ጥግ ላይ ሆኖ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ላለመሳቅ ነው፣ ጉንጩ ሲርገበገብ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ቅናት ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ገባኝ፣ ፈረንጁ ያላስተማረን በሽታ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ እትዬ ውብነሽ ጌሾ እያሰጣች «ይርጋ፣ ዛሬስ ሸጋ አድርገህ ተጫወትክ፣ ሆዴን አላወስከው» አለችኝ።

«መቼ?»

«አሁን ነዋ፣ ከምሳ በኋላ!»

«እኔ ትምህርት ላይ ነበርኩ እኮ።»

«ኧረ ውሸታም! አትጫወት እንዳልልህ ፈርተህ ነው» አለችና ሳቀች።

ገባሁና ማሲንቆዬን አየሁ፣ እንደሰቀልኩት ግድግዳው ላይ ነው፣ ግን ጭራው ላይ አዲስ የዕጣን ዱቄት አለ፣ እኔ ካሸሁት ሰንብቷል። በማግስቱ ቅኝቱ ከኔ ቅኝት ከፍ ብሎ አገኘሁት። በሌላው ቀን አንገቱን ስይዘው ሞቀኝ፣ አሁን ከሰው እጅ እንደተለቀቀ ነገር፣ እመነኝ ወንድሜ፣ ያኔም አልፈራሁም፣ አጣናው ነው አልኩ፣ ከአያ ጌጡ ዘንድ እየሾለከ፣ ሰዓቴን የወሰደ ማሲንቆዬን ቢነካ ምን ይገርማል? ጓጉንቸር ገዝቼ በሩ ላይ አንጠለጠልኩ፣ መክፈቻውን ከማተቤ ጋር አሰርኩት።

ከዚያ አያ ጌጡ ራሳቸው መንገድ ላይ ያዙኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ትናንት አጣናው ሳይመጣ ቢቀር በደጅህ ሳልፍ ሰማሁህ፣ ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ አዳመጥኩህ፣ አንቺሆዬን እንዲያ አድርጎ የሚጫወት ከመምህሬ ወዲህ አልሰማሁም፣ ደባርቅ የምትሄደው አንተ ነህ» አሉኝ። ትናንት በዚያ ሰዓት እኔ ፈረንጁ ስሜን ሲጠራ አቤት ብያለሁ! ምን ልበል ታዲያ? አንተ ብትሆን እኔ አይደለሁም ትል ነበር? አንገቴን ደፍቼ እጃቸውን ሳምኩ። ደስ ግን አላለኝም፣ ያ ሙገሳ የኔ አይደለማ፣ ማነው እሱ በኔ ማሲንቆ ከኔ በልጦ ሽማግሌ የሚያስለቅስ?

በማግስቱ ፈረንጁ ስም ጠርቶ ወደ ሰሌዳው ሲዞር በመስኮት ወጣሁ፣ በቀጥታ ልብስ ሰፊው ዘንድ፣ አጣናውን አንገቱን ልይዝ። አጣናው የስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ብሎ ክር በጥርሱ እየቆረጠ ነው።

«ሌባ! መክፈቻ አሠርተህ ነው አይደል ቤቴ የምትገባው?»

«እኔ? አንተ ባለ ኮሌጅ፣ ፀሐይ መቶሃል መሰለኝ፣ አያ ጌጡ አንተን መርጠዋል፣ እኔ ወደሳቸው መሄዱንም ትቻለሁ፣ ደግሞ ምን ቀረህ?» አለኝ፣ እሱም ተንጨርጭሯል።

እጁን ይዤ ጎተትኩት፣ ከአራዳ ቁልቁል ወደ ቤቴ፣ ገና ከቅያሱ ሳንደርስ ሰማነው። ማሲንቆ ነው። አጣናው ቆም አለና አየኝ፣ «ምነው ትቀልዳለህ፣ ይኼ ያንተ እጅ ነው» አለ። እኔ አጠገቡ ቆሜ! «ያንተ እጅ ነው፣ ያቺን ወደ ላይ ስትወጣ የምትደናቀፍባትን አላውቃትም?»

በሩ ላይ ደረስን፣ ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው፣ መስኮቱ በውስጥ ተቀርቅሯል፣ ጎንበስ ብለን ስናይ ግን በበሩ ሥር በምትገባው ብርሃን ላይ የሆነ ጥላ ይሄዳል ይመጣል፣ እንደ ደጋን፣ ቀስ እያለ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። አንቺሆዬ ነው፣ እኔ ሁልጊዜ የምሰበርባት ቦታ ላይ ደረሰ፣ እንደኔ ተደናቀፈ፣ እሰይ አልኩ በሆዴ፣ ደግሞ መለሰ፣ ደግሞ ተደናቀፈ፣ በሦስተኛው አለፋት! አለፋትና ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ ደርሼበት የማላውቀውን ቦታ እየተዝናና ተጫወተው። ፍርሃት የለም፣ ወንድሜ፣ ብትሰነጥቀኝ ቅናት ብቻ ነበር የምታገኝ። በቡጢ በሩን ደበደብኩና እንዲህ ብዬ ጮህኩ፦

«ተቀበል!

ማነህ ከቤት ያለህ በሩ ሳይከፈት፣
የሰው ሰዓት ሰርቀህ የምታጌጥበት!»

አጣናው አፌን ሊይዝ ዘለለ፣ አልደረሰም። ተቀበል የሚለው አድማጩ ነው፣ ታውቃለህ፣ ጠጅ ቤት ቁጭ ያለው ሰው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል፣ አዝማሪ ለአዝማሪ ተቀበል አይልም፣ አለ ማለት ማሲንቆውን አስቀምጦ ተጫዋቹ አንተ ነህ ብሎ ፈረደ ማለት ነው። እኔ በገዛ አፌ በገዛ ደጄ ላይ ፈረድኩ።

ውስጥ ጨዋታው ተቋረጠ። ከዚያ ጭራው አንዴ ዋይ አለና ተቀበለኝ፣ በኔው ድምፅ፣ ቃል ሳያስቀር ዜማ አልብሶ፣ ቀጥሎም ከራሱ ጨመረ፦

«ቤት ጠባቂ ነኝ እንጂ ሰርቄም አላውቅ፣
አንተ ስትወጣ ነው እጄ የሚሞቅ።»

ጓጉንቸሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። ማንም የለም። ማሲንቆው ግድግዳው ላይ ነው፣ ጭራው ግን ገና ይርገበገባል፣ የዕጣኑ ዱቄት በብርሃኗ ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። አጣናው አማተበ፣ «ይርጋ፣ ምነው ሰጠኸው?» አለኝ፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን፣ ከዚያ ወዲያ ደጄን ረግጦ አያውቅም።

እኔስ ምን አደረግሁ? ኮሌጁን ተውኩ፣ በዚያው ሳምንት፣ ለማንም ሳልናገር፣ ሰዓቴን ለማንም አልሰጥም ብዬ። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሬን ዘግቼ ማሲንቆዬን ታቅፌ ቁጭ አልኩ፣ ቤቱ ጭጭ ነው፣ የሚሰማው የኔ ብቻ፣ ያችንም ቦታ በስንት ልፋት አለፍኳት። ደባርቅ ሄድኩ፣ እጄ አላሳፈረኝም፣ ግን ከሠርገኛው አንዱ ተነስቶ ተቀበል ሲለኝ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ የለም። ደግሞ አለኝ። የለም። አያ ጌጡ ፈጥነው ተቀበሉልኝ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሙሽራዋ እንኳ በጥላዋ ሥር ሆና። ሲመሽ «ያን ዕለት በአጥርህ ሥር የሰማሁት ልጅ የት ሄደ?» አሉኝ። እኔ እንጃ አያ ጌጡ፣ ልል ነበር። ለሚቀጥለው ሠርግ አጣናውን ነው ይዘው የሄዱት።

ይኼ ሁሉ ይሁን፣ ይኼን እንኳ እረሳዋለሁ። ባለፈው አራዳ ላይ ዘለቀን አገኘሁት፣ ክፍል ውስጥ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረውን። ሰላም ልለው ብል ፊቱን አኮሳተረ።

«ምነው ዘለቀ?»

«ምነው ትላለህ? አንደኛ ወጣሁ ብለህ ሰው መናቅ! ጧት ደህና አደርክ ብልህ አልመለስክልኝም።»

«ጧት የት?»

«ክፍል ነዋ!» አለና ወደ ልብሴ አየ። «ነጩን ካፖርትህን የት ጥለኸው ነው ደግሞ እንዲህ አዳፋ ለብሰህ የምትዞረው? ፈረንጁ ካንተ ሌላ ሰው አይታየውም፣ ለበላይ ትምህርት ውጭ አገር ይላካል እየተባለልህ፣ ቢያንስ ንጹሕ ልበስ እንጂ።»

ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ፣ ሳቅኩና ሄድኩ። ትናንት በስምንት ሰዓት ማሲንቆዬን ቤት ትቼ ወደ ኮሌጁ ወረድኩ፣ ከአጥሩ ሥር ቆምኩ፣ መስኮቱ ክፍት ነው። ፈረንጁ ስም ይጠራል፣ አንድ ባንድ፣ በዚያ በተጣመመ አፉ። ስሜ ጋ ደረሰ። አፌን ለአቤት ከፍቻለሁ፣ እመነኝ፣ ከድሮ ልማድ ነው።

ከውስጥ አንድ ድምፅ «አቤት» አለ፣ ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል፣ ተምሮ የጨረሰ ሰው ድምፅ። መስኮቱ ከኔ አንድ እርምጃ ነው፣ ቀና ብል አየው ነበር። ቀና አላልኩም። እዚያው አጥሩን ይዤ ቆሜ ጥያቄ ሲጠየቅ፣ ሳይደናቀፍ ሲመልስ፣ ሰዉ ሲያጨበጭብለት ሰማሁ፣ ከአራዳ በኩል ደግሞ፣ ከቤቴ አቅጣጫ፣ ነፋሱ የማሲንቆ ድምፅ ይዞ መጣ።