ወደ ቀኝ የሚከፈት በር

አመዱ ሞቃት ነበር።

ልጅቷ እጇን ከባልዲው ውስጥ ደንግጣ አወጣችና ሱሪዋ ላይ ጠረገችው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብላ እንደገና ከተተችው። ከላይ ቀዝቅዟል፤ ከሥሩ ግን ሙቀቱ ገና አለ። ዛሬ ጠዋት እዚህ ጎጆ ውስጥ እሳት የሞቀ ሰው ነበር ማለት ነው፤ እዚህ ተራራ ላይ ደግሞ የሚኖር ሰው የለም።

አባቷ ውጭ በቅሎዋን እያራገፈ ነበር። ልትጠራው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። እቤታቸው የማይነሳ አንድ ነገር አለ። እሱ ከተነሳ አባቷ ከማዕድ ይነሳል፣ እናቷ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ እራቱም እንደቀረበ ይቀዘቅዛል። ይህ አመድ ያንኑ ነገር የሚያነሳ መሰላት።

ነገሩ ታላቅ ወንድሟ ነው። ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ከአባታቸው ጋር ብየዳ ቤት ይውል ነበር፤ አንድ ቀን እሱ የበየደው የግቢ በር፣ ባለቤቶቹ ሊረከቡት በመጡበት ሰዓት ከማጠፊያው ተነቅሎ እግራቸው ሥር ተዘረረ። አባቷ አፈረ፤ ሲያፍር ደግሞ አፉን አይጠብቅም። ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ መቼም ሰው አትሆንም» አለው። ወንድሟ የብየዳ መነጽሩን አውልቆ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበና ወጣ። ለእራት ሲጠብቁት ቀረ።

ባለፈው ክረምት አንድ የአውቶቡስ ረዳት ለእናቷ ወሬ አመጣላት። ጎርፍ ከወሰዳቸው መንገደኞች መሃል መልኩ እሱን የሚመስል ወጣት ነበረ አሉ፣ አላት። አየሁ የሚል የለም፤ ሁሉም ሰማሁ ባይ ነው። እናቷ ሬሳ ሳላይ ጥቁር አልለብስም ብላ ቁርጡን ተናገረች። አባቷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጁን ስም ጠርቶ አያውቅም።

ልጅቷ ባልዲውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። የሞተ ሰው ይበርደዋል እንዴ? ከየት እንደመጣባት ሳታውቀው ይህ ሐሳብ ጭንቅላቷ ውስጥ ገባና ከጀርባዋ ያለው ጨለማ ጥግ ላይ አንድ ሰው የቆመ መሰላት። ዞር ብላ አየች። መጥረጊያ ነበር።

ወደዚህ ያመጣቸው የደን ጠባቂው የነገሯቸው ነገር ነው። ጎጆውን የሠሩት አያቷ ነበሩ፣ ደኑን በሚጠብቁበት ዘመን የሚያድሩበት፤ እሳቸው ሲሞቱ ሥራው ለአሁኑ ጠባቂ፣ ጎጆው ለቤተሰቡ ቀረ። ወንድሟ ሳይሄድ በፊት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁሉም እዚህ ይመጡ ነበር። ባለፈው ሰሞን ጠባቂው ብየዳ ቤት ድረስ መጥተው የጎጆው ምድጃ ሆድ በዝገት ተበልቶ ማለቁን ተናገሩ። ፍም ሾልኮ ወለሉ ላይ ከወደቀ ጎጆውም ደኑም ተያይዞ ይነድዳል፣ ወይ አንሱት ወይ ቀይሩት አሉ። የጎጆው በርም ቢቆለፍ ይሻላል አሉ። ልጅቷ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የሒሳብ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር።

«ማንም የማይገባበት ቤት ውስጥ ፍም ከየት ይመጣል?» ብላ ጠየቀች።

ጠባቂው አባቷን አዩ፤ አባቷ የያዘውን ብረት አየ። ከዚያ ጠባቂው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

አባቷ አዲሱን ምድጃ ከወፍራም ላሜራ ሠራው። በበቅሎ ጀርባ እንዲጫን ጎን ጎኑን ለየብቻ ቆርጦ በብሎን የሚገጣጠም አደረገው። እሷ ሙቀት የሚችለውን ጥቁር ቀለም ቀባችው፤ ከላሜራው ይልቅ አፍንጫዋ የበለጠ ቀለም ጠጣ። አባቷ የመጀመሪያው እሳት ሲነድድበት ቀለሙ እንደሚቃጠልና ጠረኑ ለብቻው እንደሆነ ነገራት። እንደዚያ የሚሸት ሌላ ነገር በዓለም ላይ የለም፣ መስኮት ካልተከፈተ ሰው ያባርራል አላት። የምድጃውን በር ግን ራሱ ሱቁን ዘግቶ ብቻውን ሠራው። በጆንያ ጠቅልሎ አሠረውና ዛሬም እንደተጠቀለለ አመጣው። መቼም አባቷ የሚሠራውን የማያሳይ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ያላየለትን ሰው ጎትቶ ያሳያል።

አሁን አሮጌው ምድጃ ፊቷ ቆሟል። አያቷ ከዘይት በርሜል ቆርጠው የሠሩት ነው። የድሮው በሩ ሲወድቅ አዲስ የሠራለት ወንድሟ ነበር፣ ልክ የእሷ ዕድሜ ላይ ሳለ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የበየደውም ያንን በር ነው። ወንድሟ በግራ እጁ ነው ሁሉን የሚሠራው። ስለዚህ ማጠፊያውን በቀኝ አደረገው። በሩ ወደ ቀኝ ሲከፈት ግራ እጅ እንደልቡ ይገባል፤ በቀኝ እጁ እንጨት የሚጨምርን ሰው ግን የጋለው ብረት የእጅ አንጓው አጠገብ ቆሞ ይጠብቀዋል። ከእሱ በቀር በዚህ ምድጃ ያልተቃጠለ የቤተሰብ አባል የለም። የእሷ ጠባሳ ባቄላ ያክላል። የተቃጠለች ቀን ስታለቅስ ወንድሟ ቁስሏን በቀዝቃዛ ውሃ እያጠበ «አታካብጂ ጉንዳን፣ የጎጆው ማኅተም ነው» ብሏት ነበር። ጉንዳን ይላት የነበረው ትንሽ ሆና ሳለ ከእሷ የሚበልጥ ዕቃ ስለምትሸከም ነው።

በሩን ወደ ቀኝ ከፈተችው። ውስጡ ንጹሕ ነው፤ አመዱ ተጠርጓል፣ እንጨትም ተደርድሮበታል። የአያቷ ሕግ ነበር፦ የሚሄድ ሰው ለሚመጣው ሰው ምድጃውን አዘጋጅቶ ይሄዳል። ከሥር ቀጫጭኑ ተነባብሯል፣ ከላይ ወፈር ያለው፣ መሃሉ ላይ ደግሞ በቢላዋ የተፈቀፈቀ ደረቅ ፍቅፋቂ አለ። ደኑ ሁሉ በዝናብ ረጥቦ ሳለ ይህ እንጨት እንደ ብስኩት ደርቋል። ከፍቅፋቂው አንዱን አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። የተጠቀለለው በተቃራኒው ነው፣ በግራ እጅ ቢላዋ የሚይዝ ሰው እንደሚፈቀፍቀው።

«አባዬ።»

አባቷ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ ብቅ አለ።

«አመዱ ይሞቃል። ምድጃው ውስጥም እንጨት ተደርድሯል።»

ቀርቦ አየ። ፍቅፋቂውን ከእጇ ወሰደና በጣቶቹ መሃል አገላበጠው።

«እንጨት ለቃሚዎች ይሆናሉ» አለ። ድምፁ ግን ራሱን እንኳ ያሳመነው አይመስልም። ፍቅፋቂውን ሊጥለው ነው ስትል የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው።

በቅሎዋ የጠባቂው ናት። ጭነቷን ካወረዱላት በኋላ ሣሩን ትታ ማንም ሳይነዳት ወደ ጎጆው ጀርባ ሄደችና መስኮቱ ሥር ቆመች። አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጠብቃለች፣ እዚያ መስኮት ላይ ከሰው እጅ መብላት የለመደች ይመስል። ልጅቷ ከውስጥ ሆና ትልቁን ጥቁር ዓይኗን አየች። በቅሎዋ የምታየው እሷን አልነበረም፤ በትከሻዋ አልፋ ክፍሉን ትፈልግ ነበር።

አባቷም አይቷል። በቅሎዋን መልሶ ሣሩ ላይ አሰራትና ወደ ሥራው ገባ።

አሮጌው ምድጃ ሲነቀል ሆዱ እጃቸው ላይ ፈረሰ። ቁርጥራጩን አውጥተው ከጎጆው ኋላ ጣሉት። በሩን ግን አባቷ አልጣለውም፤ ከማጠፊያው ቀስ ብሎ አላቀቀውና ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ከዚያ አዲሱን ገጣጠሙት። ከምድጃው ውስጥ አውጥታ ጥግ ያስቀመጠችውን እንጨት ሁለቱም ሳይነጋገሩ እየዞሩ ያልፉት ነበር። ጉሙ በመስኮቱ በኩል ተጠግቶ ዛፎቹን አንድ በአንድ እያጠፋቸው ነው።

አባቷ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የጭስ ማውጫውን ጭቃ ሲመርግ እሷ ከታች ቱቦውን ደግፋ ያዘች። ጆሮዋ ብረቱ ላይ ነበር። ያኔ ሰማችው። ፉጨት ነው፣ ቀጭን፣ ከሩቅ የሚመጣ፣ ቱቦውን ተከትሎ የሚወርድ። ሦስት ጊዜ ይወጣና መጨረሻው ላይ ይሰበራል። ወንድሟ እንጨት ሲፈልጥ እንዲህ ነበር የሚያፏጨው። መጨረሻውን ድምፁ ከፍ አልልለት ብሎ ስለሚሰበርበት ሁልጊዜ ትስቅበት ነበር።

«አባዬ፣ አንተ ነህ የምታፏጨው?»

ከላይ የምርጊቱ ድምፅ ቆመ።

«ነፋስ ነው» አለ።

ነፋስ አልነበረም። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ አይንቀሳቀስም። አባቷ ከጣሪያው ሲወርድ ፊቱ ሌላ ፊት ሆኖ ነበር፤ ከላይ ሆኖ ወደ ዛፎቹ ሲያይ አንድ ነገር ያየ ሰው ፊት። ልትጠይቀው ፈለገች፣ ግን ፈራች። አንድም ማንንም አላየሁም እንዳይላት፣ አንድም አይቻለሁ እንዳይላት።

የጆንያውን ገመድ ፈታና አዲሱን በር አወጣው። ልጅቷ ብሎኑን ልታቀብለው እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ማጠፊያው በቀኝ ነው።

«አባዬ፣ ይሄ ወደ ቀኝ ነው የሚከፈተው።»

«ስለካ ተሳስቼ ነው» አለ ቀና ሳይል።

አባቷ አንድ ብረት ሳይቆርጥ በፊት ለክቶ፣ መልሶ ለክቶ፣ ሰው ጠርቶ የሚያስለካ ሰው ነው። ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ይስቅበታል። አሁን ግን ጎንበስ ብሎ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ፤ እሷም ቀጣዩን ብሎን አቀበለችው። እስከዛሬ ወንድሟን ረስቶታል ብላ ተቀይማው ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ጉሙ ሳይብስ እንውረድ፣ እሳቱን ሌላ ጊዜ እንሞክረዋለን አለ። አሮጌውን በር በጆንያው ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ያዘና አዲስ ጓጉንቸር ከነቁልፉ እጇ ላይ አስቀመጠላት። «ቆልፊና ነይ» ብሏት በቅሎዋን ሊጭን ወጣ።

ልጅቷ ብቻዋን ቀረች። ከጥግ ያን ደረቅ እንጨት አንስታ እንደነበረው አድርጋ አዲሱ ምድጃ ውስጥ ደረደረችው፤ ቀጫጭኑን ከሥር፣ የቀረውን ፍቅፋቂ መሃል፣ ወፈር ያለውን ከላይ። እሳቱን ሊሞክሩበት ያመጡትን ክብሪት ምድጃው ላይ አስቀመጠች። ከውጭ በሩን ዘግታ ጓጉንቸሩን አንጠለጠለችው። ቁልፉን ሳትጠመዝዘው አውጥታ ኪሷ ከተተችው። ከሩቅ ለሚያየው ቆልፋዋለች፤ ጎተት ለሚያደርገው ግን ይከፈታል። ማን እንደሚጎትተው ማሰብ አልፈለገችም። ወንድሟ ከሆነ ይግባ። ሌላ ነገርም ከሆነ ደግሞ በርዶታል።

ቁልቁል ብዙ ሳይወርዱ በቅሎዋ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆመችና ጆሮዋን ወደ ኋላ መለሰች። ጎጆው በጉም ተውጧል፤ ጣሪያውም፣ ጭስ ማውጫውም አይታይም። ከዚያ ጠረኑ መጣ። የሚመርር፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ ጉሙ ተሸክሞት የወረደ ጠረን፣ አዲስ ቀለም ለመጀመሪያ ጊዜ እሳት ሲነካው።

አባቷ ቀጥ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያሸተው የኖረው ጠረን ነው። ወደ ላይ ወደ ጉሙ አየ፣ ከዚያ መሬቱን፣ ከዚያ ደግሞ ጉሙን።

«መዶሻዬን ረስቼ መጣሁ» አለ።

መዶሻው በቅሎዋ ላይ ነው። እጀታው ከገመዱ ሥር ወጥቶ ይታያል። የጓጉንቸሩ ቁልፍም እሷ ኪስ ውስጥ ነው፤ አልጠየቃትም። ተከትላው መሮጥ፣ ቀድማው መድረስ፣ በሩን ቀድማ መክፈት ፈለገች። ግን ከፍቶ ገብቶ ከእሳት በቀር ማንም ባይኖርስ? ቢኖርስ፣ አባቷ ለልጁ መጀመሪያ የሚናገራት ቃል ምን ትሆን? ያቺን ቃል ሌላ ሰው ሳይሰማው ቢናገራት ይሻላል።

የበቅሎዋን ልጓም ከእጁ ተቀበለችው።

«ሂድ አምጣው አባዬ» አለችው። «እኔ እዚሁ እጠብቅሃለሁ።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀና ዳገቱን ተያያዘው። መጀመሪያ ይራመድ ነበር፤ ጉሙ ሊውጠው ሲል ግን መሮጥ ጀመረ። አሮጌውን በር አሁንም በብብቱ እንደያዘ ነው።

ልጅቷ መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ከመቀመጧ በፊት ወደ በቅሎዋ ተጠጋችና የጭነቱን ሸራ ጎተት አድርጋ የመዶሻውን እጀታ ሸፈነችው።