ለብቻው የተቀመጠው ደብዳቤ

የሕንፃ ፕላን ነዳፊው ሰኞ ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ሻዩ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበረበት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ «ሚስቴ ኑሮዬን አመረረችብኝ፤ በቃኝ» የሚል ደብዳቤ።

እናቱ በማግስቱ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጡ። «ልጄን የበላች ሴት የልጅ ልጄን አታሳድግም! ለሰፈሩም ነግሬያለሁ» አሉ።

የፖሊስ መርማሪዋ ኮምፒውተሩን አየችና ወደ ሚስትየው ዞረች።

«ይሄን ማን ይነካዋል?»

«እሱ፣ የሥራ ሸሪኩና እኔ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከጥግ ሆኖ፣ «እኔ የማውቀው ሶኬቱን መንቀል ብቻ ነው» አለ።

«መጨረሻ ላይ ምን ሠራችሁበት?»

«ቅዳሜ ሐርድ ዲስኩን ስናስተካክል ዋልን። ድሮ ፎልደሩ ሁሉ በደንበኛ ወይም በጉዳይ ስም ነበር፤ አንዱ ፕላን አምስት ቦታ ይገኛል። በየዓመቱ ከፋፍለን የድሮዎቹን አጠፋናቸው። ያኔ ከሸሪኩ ጋር ያሠሩትን የትምህርት ቤት ፕላን ሁለት ዓይነት ሆኖ አገኘው፤ አንዱ ብረቱ የጎደለ። እሁድ ለሸሪኩ ደውሎ፣ ‹የአርማታውን ብረት ማን ቀነሰው?› ሲለው ሰምቻለሁ።»

መርማሪዋ ሸሪኩንም አስጠራችና ሁሉንም አንድ ክፍል ሰበሰበች።

«ሰኞ እዚህ ነበርክ?» አለችው ሸሪኩን።

«ከግንባታ ቦታ ስመለስ ሰላም ልለው ጎራ ብዬ ነበር።»

«እንግዲህ ስሙኝ። ደብዳቤው ያለው ‹ደብዳቤዎች› በሚባል ፎልደር ነው፤ ብቻውን። አጠገቡ ‹ትምህርት ቤት› የሚባል አለ፤ ውስጡ ብረቱ የተሟላ ፕላን። ሁለቱም ፎልደሮች ቅዳሜ ጠፍተው ሰኞ ዕለት እንደገና የተፈጠሩ ናቸው። ከፍላሽ ነው የተገለበጡት። እንደ ድሮው ቢሆን ደብዳቤው ከመቶ ሌሎች ደብዳቤዎች ጋር ይደባለቅ፣ የተሟላውም ፕላን በጎደለው ላይ ይተካ ነበር። የጎደለው ግን ወደ ዓመቱ ፎልደር ተዛውሯል፤ እስካሁን እዚያው አለ።»

«እሷስ ልታደርገው አትችልም?» አለ ሸሪኩ።

«እሷ በገዛ እጇ ነው ያጠፋቻቸው። ወንድሙ ማብራቱንም አያውቅም። የድሮውን አቀማመጥ የሚያውቅ፣ አዲሱን ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሸሪኩ ላቡን ጠረገ። «ፕላኑን ዝም ብሎ ቢተወው ምን ነበረበት?»

«ብረቱ በጎደለ ሕንፃ ውስጥ ልጆች እየተማሩ ነው» አለች መርማሪዋ። ልጆቹን ከትምህርት ቤቱ እንዲያስወጡ ስልክ ደወለች። ሸሪኩን ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

እናትየው ወደ ምራታቸው ቀረብ አሉ። «ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

«ገደለችው ብለው ሰፈሩን አዳርሰዋል» አለች ሚስትየው፣ ልጇን እቅፏ ውስጥ እንደያዘች። «አሁን ደግሞ አልገደለችውም ብለው ያዳርሱ። ከዚያ ይምጡና እናውራ።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጠርገው ወጡ፤ የመጀመሪያውን ጎረቤት በር አንኳኩ።